ቁልፉ ለቅሶ ሄዶ ነበር

ቀድሞ የደረሰኝ የክብሪቱ ሽታ ነው። ከ10ኛ ክፍል ሕንፃ ጀርባ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጥር ጥግ፣ አሥር የሚሆኑ ተማሪዎች ከበው ቆመዋል። መሃል ላይ አንድ ልጅ በጀርባው ተዘርሯል። አንዱ ጓደኛው ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ይይዝለታል፤ ሌላው የፕላስቲክ ውኃ ፊቱ ላይ ያንቆረቁራል፤ አንዲት ልጅ ደግሞ ጣቶቹን ፈልቅቃ የበር ቁልፍ ልታስጨብጠው ትታገላለች። "ሲስተር፣ ጥሎት ነው!" አሉኝ በአንድ ድምፅ። እውነት ነው፣ ጥሎት ነበር። መንቀጥቀጡ ግን እኔ ስደርስ አልፏል። የቀረው ማንኮራፋት ነው፤ ያውም ጤነኛ ሰው ተኝቶ የሚያሰማው ዓይነት አይደለም። ጉሮሮው ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስላል፤ አንዴ ይሰማና ለረጅም ጊዜ ጸጥ ይላል።

ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ተነፈሰ። የዓይኑን ቆብ ገለጥኩ፤ ብሌኑ ጠብቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። የታች ከንፈሩን ገልበጥ ሳደርግ ውስጡ አመድ መስሏል። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ መጻሕፍቱ ላይ "ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል" የሚባለው በእኛ ቆዳ ላይ ቶሎ አይታይም። መታየት ያለበት የከንፈር ውስጡና የጥፍር ሥሩ ነው። ደረቱን በጣቴ አንጓ አጥብቄ ፈተግኩት፤ አልነቃም።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤታችን ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጨ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ኮንዶሚኒየሙ ከጤፍ ማሳው ጋር ጉርብትና የያዘበት አካባቢ ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል ሠርቼ ነው ወደዚህ የመጣሁት፤ ሥራው ይቀለኛል ብዬ። የዚያን ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኔ ውስጥ የነበረው ፋሻ፣ አልኮል፣ ፓራሲታሞልና የወር አበባ መጠበቂያ ነው።

ስለዚህ ያለኝን ሰጠሁት፤ ትንፋሼን። አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጌ፣ አፍንጫውን ይዤ፣ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ። ሚኒባሱ እስኪመጣ መሬት ላይ፣ ከመጣ በኋላ በሚኒባሱ ወለል ላይ ተንበርክኬ። የደረስንበት ጤና ጣቢያ ኦክስጅንና በእጅ የሚጨመቅ የትንፋሽ መስጫ ነበረው፤ ማርከሻው ግን የለም። ወደ ሆስፒታል ተላክን፤ ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ የተሰጠው እዚያ ነው። ልጁ ተረፈ።

ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል አንዱ ጓደኛው እየሮጠ መጥቶ ከካልሲው ውስጥ ባዶ የታብሌት ልጣጭ አውጥቶ በመስኮት አቀበለኝ። ትራማዶል ይላል። "ሲስተር፣ እንዳያባርሩኝ" አለኝ፤ ክብሪት ሲጭር የነበረው ልጅ ነው። ያንን ልጣጭ ሩብ ሰዓት ሙሉ ደብቆት ቆይቷል፤ የሚያጠፋው ነገር ኖሮ ሳይሆን ፈርቶ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ምን ወሰደ?" ብለው ነው፤ መልሱ ካልሲ ውስጥ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ አሜሪካንን ያስጨነቀው ፌንታኒል፣ ሁሉም ኦፒዮይድ የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ከመጠን ሲያልፉ አንጎል ሳንባን "ተንፍስ" ብሎ ማዘዙን ይዘነጋል፤ ሰው የሚሞተውም በአየር እጦት ነው። ናሎክሶን ኦፒዮይዶቹ አንጎል ላይ ከተቀመጡበት ቦታ ያስለቅቃቸዋል። በጡንቻ ሲወጋ ወይም በአፍንጫ ሲረጭ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሥራት ይጀምራል። አያሰክርም፣ ሱስ አያስይዝም፣ ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ቢሰጥም ጉዳት የለውም። አልኮል ወይም የእንቅልፍ ታብሌት ለጣለው ሰው ግን አይፈይድም።

ትራማዶል ላይ ግማሽ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው። ትራማዶል አንጎልን በሌላ መንገድም ስለሚነካ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ናሎክሶን ያንን አያቆምም፣ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል ተብሎ ይሰጋል። እየተንቀጠቀጠ ያለ፣ ትንፋሹ ግን ደህና የሆነ ልጅ ካገኘሁ ጭንቅላቱን ከመሬት ጠብቄ፣ ሲያልፍለት በጎኑ አስተኛዋለሁ እንጂ አልሰጠውም። ትንፋሹ ከዘገየ ግን አላመነታም። ክብሪትም፣ ቁልፍም፣ ሎሚም፣ ወተትም አያስፈልግም። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት ሳንባው ውስጥ ማፍሰስ ነው።

ከልጁ በኋላ መድኃኒቱን ትምህርት ቤት ለማስቀመጥ የሄድኩበት መንገድ ረጅም ነበር፤ እናንተ ልታሳጥሩት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። አንዱ ወጣት ባለሙያ ከላይ እስከ ታች አየኝና "እሱ እኮ ናርኮቲክ ነው" አለኝ። የናርኮቲክ ማርከሻ ነው፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። አልተከራከርኩትም፤ ደክሞኝ ነበር። ርዕሰ መምህራችንም መጀመሪያ "ሲስተር፣ እኛ እኮ ትምህርት ቤት ነን" አሉኝ። ድርጅቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መመሪያ ዋና ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፌ ወሰድኩላቸው፤ እንዲህ ያለ አደጋ በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ሊያዩ የሚችሉ ሰዎች ሁሉ ናሎክሶን እንዲያገኙና አሰጣጡን እንዲማሩ ይመክራል፣ ሐኪሞች ብቻ አይልም። አንብበው ዝም አሉ። በማግሥቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ።

ያ ደብዳቤ የሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በዚህኛው ጊዜ እነርሱም ማርከሻውን አስመጥተው ነበር። በጽሑፍ ተስማማን፤ እያንዳንዳቸው 0.4 ሚሊግራም የያዙ ሁለት አምፑሎች እኛ ዘንድ ይቀመጣሉ፣ ንብረቱ የጤና ጣቢያው ነው፣ የአገልግሎት ጊዜያቸው ሳያልፍ እለውጣለሁ፣ ከሰጠሁ ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደሰጠሁ ጽፌ አስረክባለሁ። መርፌ የምወጋው እኔ ብቻ ነኝ። ነርስ የሌለው ትምህርት ቤት የሚገባበት በር የአካባቢው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ ትምህርት ቤት መጎብኘት ሥራዋ ነው፣ ጤና ጣቢያውም ቃሏን ይሰማል።

የአፍንጫው ርጭት የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የአንዲት ተማሪያችን አክስት እዚያ ትኖራለች። በሜሪላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ናሎክሶን እንዲያስቀምጡ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ይገደዳሉ፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ርጭቱ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ሴትዮዋ ለ2017 ዓ.ም. ገና ስትመጣ እያንዳንዳቸው 4 ሚሊግራም የሆኑ ሁለት ርጭቶች የያዘ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች፤ "ለልጆቻችሁ ከሽቶ ይሻላል" ብላ። በሻንጣ የመጣ መድኃኒት በዝምታ ማስገባት አልፈለግኩም። ለጤና ጣቢያው ፋርማሲ አሳይቼ፣ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ከአምፑሎቹ ጋር እንዲመዘገብ አደረግኩ።

በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) ስብሰባ ላይ የጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። አንድ አባት ተነሥተው "ይህን ካስቀመጣችሁ ልጆቹን ቅሙ፣ ዋጡ፣ እኛ አለንላችሁ ማለት አይደለም ወይ?" አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት፣ የሠፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው፣ ሳይነሡ መለሱላቸው፤ "እድራችን ድንኳን የገዛው እናንተ እንድትሞቱ ነው እንዴ?" ሳቁ ስብሰባውን ጨረሰው። እኔ ያዘጋጀሁት የሃያ ደቂቃ ማብራሪያ እስከ ዛሬ ደብተሬ ውስጥ አለ።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የታገልኩት ለአንዲት መስመር ነው፤ "እርዳታ የጠራ ተማሪ፣ የወደቀውም ተማሪ፣ በዚያ ምክንያት አይቀጣም።" የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። ልጣጩን ካልሲ ውስጥ የደበቀውን ልጅ ሦስቱንም ጊዜ ነገርኳቸው። በመጨረሻ ጸደቀች፤ በሚኒ ሚዲያ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ተነበበች።

ሥልጠናው የካቲት ላይ ነበር። አሥራ አንድ መምህራን፣ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞችና የቀይ መስቀል ክበብ ልጆች። ያንን የጉሮሮ ድምፅ እኔው አስመስዬ ሳሰማቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትንፋሽ መቁጠር፣ በጎን ማስተኛት፣ ከንፈር ገልብጦ ማየት ተለማመድን። ከዚያ ርጭቱን ከማሸጊያው አውጥቼ እያሳየሁ ሳለ የስፖርት መምህራችን "እስቲ ይሠራል?" ብሎ ተቀበለኝና ተጫነው። ፍስስ አለ። ውስጡ ያለው አንድ መጠን ብቻ ነው፤ ለሙከራ የተጫኑት ርጭት አለቀ ማለት ነው። ከሜሪላንድ አትላንቲክን ተሻግሮ የመጣ መድኃኒት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተንጠባጠበ። መምህሩ ላብ አጠመቀው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ባዶ ማሳያ ሳልይዝ ማሠልጠን አልነበረብኝም። ዛሬ የምናሠለጥነው በዚያው ባዶ ዕቃ ነው፤ ሰው ሁሉ እንዳሻው ይጫነዋል።

መጋቢት ላይ ሳልናገር ልምምድ ጠራሁ። የዜግነት ትምህርት መምህርቷን አስማምቼ ቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ አስተኛኋትና ሰዓት ያዝኩ። ልጆቹ በሚገባ ሮጡ። የጥበቃው ሠራተኛ በሩን ለመኪና ከፈቱ። ሁሉም እንደተማረው ሆነ፤ መድኃኒቱ ብቻ አልመጣም። ሣጥኑ በንብረት ክፍል የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ በንብረት ክፍል ኃላፊዋ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ኃላፊዋ አቃቂ ለቅሶ ሄደዋል። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ መምህርቷ ከወለሉ ላይ "እኔ ሞቻለሁ፣ ልነሣ ወይ?" አለች።

መድኃኒት ይቆለፋል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ልማድ ነው፤ ሞርፊን ይቆለፋል፣ ፔቲዲን ይቆለፋል። ማርከሻውን ከመርዙ ጋር እኩል ቆለፍኩት።

አሁን ያለው ቀይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው። ውስጡ አንዱ ርጭት፣ ሁለቱ አምፑሎች ብርሃን እንዳያገኛቸው ከነካርቶናቸው፣ ሦስት ሲሪንጅ፣ ጓንት፣ አፍ ለአፍ ሲተነፈስ የሚለበስ መከለያ፣ እስክሪብቶና አንድ ካርድ አለ። ክዳኑ ላይ ፕላስተር በመስቀል ለጥፌ ፊርማዬንና ቀኑን በላዩ ላይ እጽፋለሁ፤ የነካው ሰው ካለ ፊርማው ይቀደዳል። ማንም በጥፍሩ ይከፍተዋል። የተሰቀለው ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ በትከሻ ቁመት ነው፤ ያ ቢሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለየውም። አጠገቡ የአስቸኳይ እርዳታ ስልኮቹ 907 እና 939 በትልቁ ተጽፈዋል። ሰኞ ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ፕላስተሩን አያለሁ። እኔ ክፍል ያልሰቀልኩት ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ነው፤ በመጋቢት ቀትር ቴርሞሜትሩ 33 አሳይቶኛል። ርጭቱ ከ25 ዲግሪ በታች ነው መቀመጥ ያለበት፤ ለአጭር ጊዜ እስከ 40 ይችላል፣ መቀዝቀዣ ውስጥ እንዲረጋ ግን አይፈቀድም።

ግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ። ዓይኔ ስማቸው በየስብሰባው የሚነሣ አራት አምስት ወንዶች ላይ ነበር። የወደቀችው ግን ከፊት ረድፍ የምትቀመጥ የ12ኛ ክፍል ልጅ ናት። ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋች። መምህሩ ለፈተና ስታጠና አድራ ነው ብሎ አለፋት፤ አልፈርድበትም። አጠገቧ ያለችው ልጅ ግን ድምፁን ሰማች። በሥልጠናው ቀን ከሁሉም በላይ የሳቀችው እርሷ ነበረች። ሮጠች።

እኔ ወርሃዊ ሪፖርት አስገብቼ ከጤና ጣቢያው በእግሬ እየተመለስኩ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ የስፖርት መምህሩ ነው። "ሲስተር፣ አትነቃም፤ ብሌኗ ነጥብ ሆኗል፤ በደቂቃ አምስት ነው የምትተነፍሰው።" ጥፍሩ ፕላስተሩን ሲቀድ ሰማሁት። "አትሞክረው!" ብዬ ጮኽኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። "አንዴ ተምሬያለሁ" አለኝ። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ያዘ፣ ጫፉን አንዱ አፍንጫዋ ውስጥ እስኪገጥም አስገባ፣ ተጫነ። ከዚያ ስልኩን ወለል ላይ አስቀምጦ መተንፈስ ጀመረ። የቀይ መስቀል ክበብ ልጆች ጮክ ብለው ሲቆጥሩለት በስልኩ ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ትንፋሽ። እየሮጥኩ ከእነርሱ ጋር እቆጥር ነበር።

ስደርስ በደቂቃ አሥር ደርሳለች። ወዲያው አስመለሳት፤ ቀድመው በጎኗ አስተኝተዋት ስለነበር ወደ ሳንባዋ አልገባም። ዓይኗን ገልጣ "ክፍለ ጊዜው አለቀ?" አለች። ቀጥሎም ደህና ነኝ፣ ቤቴ ልሂድ ማለት ጀመረች። ማርከሻው የሠራለት ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል፤ አትስሙት።

ምን እንደወሰደች ብቻችንን ስንሆን ነገረችኝ። የወር አበባ ሕመሟ በርትቶባት ጠዋት ከአያቷ መድኃኒት በጠርሙሱ ክዳን ሁለት ጊዜ ጠጥታለች። አያቷ የካንሰር ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒቱ የሚጠጣ ሞርፊን ነው። "እማማን ስለሚያስተኛቸው እኔንም ያስታግሰኛል ብዬ ነው።" ዱርዬ ስንፈልግ የኖርነው እኛ፣ አያቷን የምታስታምም ልጅ አገኘን።

በትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። የቃሊቲ መንገድ የዚያን ቀን በከባድ መኪና ተጨናንቋል። ስለ ፈተና፣ ስለ አያቷ እያወራን ሄድን። ርጭቱ ከተሰጣት ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ሲሆን መልሷ አጠረ፤ ከዚያ "እህ" ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ዝም። ቆጠርኩ፣ ስምንት። እንደገና ቆጠርኩ፣ ስድስት። ናሎክሶን የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ሞርፊኑ ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ማርከሻው ሲደክም ተመልሶ ይመጣል። ሹፌሩን አስቆምኩት። የአምፑሉን አንገት በፋሻ ይዤ ሰበርኩ፣ ሳብኩ፣ በዩኒፎርም ቀሚሷ ላይ ጭኗን ወጋሁ። በብርቱካን ላይ ስንት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ፤ ያም ሆኖ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የስፖርት መምህር ከሰዓቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ሦስት ደቂቃ ቆጠረልኝ። ሁለተኛውን አምፑል ሳልከፍተው ነቃች። ነቅታለች ብለን ቤቷ ሰድደናት ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛውን መውደቅ የሚያውቁት አያቷ ብቻ ነበሩ።

ሆስፒታሉ አንድ ሌሊት አሳደራት። ሰኞ ተመለሰች። ኮሚቴው ውስጥ ፋይል ይከፈት ያለ ሰው ነበር፤ ያቺን አንዲት መስመር አነበብኩለት። የተጠቀምኩትን አምፑል በማግሥቱ ተካሁ፤ ርጭት ግን የለንም፣ አክስትየዋን እየጠበቅን ነው። የመጀመሪያው ልጅ በአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ክትትል ላይ ነው፤ ደህና የሚሆንበት ሳምንት አለ፣ የሚጠፋበትም ሳምንት አለ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አያቲቱን ልጠይቅ ሄድኩ፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የልጅቷ እናት ጠርሙሱን ልትደፋው ተነሥታ እንደነበር በስልክ ነግራኝ "እንዳታደርጊው" ብያት ነበር። እማማ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነጩን ገዋኔን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "መድኃኒቴን ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?"

"የለም እማማ፤ እርስዎማ ይጠጡት። ሐኪም ያዘዘልዎት ነው።"

ያመጣሁት ሌላ ነገር ነው፤ ክዳኑን ትታ መጠኑን የምትለካበት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለእናቲቱ፣ ለእርሳቸው ደግሞ ትንሽ ጓጉንቸር። ጠርሙሱን ከአልጋቸው ሥር ካለችው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስገባን። ጓጉንቸሩን ራሳቸው ቆለፉ፣ ሁለት ጊዜ ጎትተው አረጋገጡ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አሰሩት።